ስድስት ቁጥር ማልያ

እናቴ ከፌሊም ጋፍኒ ጋር ልትጠፋ ነው ብዬ ያመንኩት በስምንት ዓመቴ ነው። ዝም ብዬ አልነበረም ያመንኩት፤ ማስረጃ ነበረኝ። ሰውየው በየሰኞው ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ የወተት መኪናውን ይዞ በየመንደሩ ሲዞር፣ ቤታችን ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ በጓሮ በር ነው። ከሁሉ የባሰው እናቴ የእሱን ማልያ ከሌሎቹ ለይታ ማጠቧ ነበር።

እናቴ አትራክታ የአጥቢያችን የኪልቫራ የጌሊክ እግር ኳስ ቡድን ማልያ አጣቢ ነበረች፤ በዚህ በአገራችን ጨዋታ ኳስ በእግርም በእጅም ትያዛለች። እሑድ ጨዋታው ሲያልቅ አሥራ አምስት አረንጓዴ ማልያ ጆንያ ውስጥ ታጭቆ፣ ጭቃና ላብ እየሸተተ፣ ደጃፋችን ላይ ይወረወራል። እናቴ ጆንያውን ትዘረግፍና መጀመሪያ ስድስት ቁጥርን ትፈልጋለች። አሥራ አራቱ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ ተጠቅጥቀው ሲሽከረከሩ፣ ስድስት ቁጥር ብቻውን በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ በእጇ፣ ቀስ ተብሎ፣ እንደ ሕፃን ልብስ ይታሻል። ስድስት ቁጥር የፌሊም ነው።

እኔ ራሴ ሰውየውን እየፈራሁትም ሲጫወት ዓይኔን ከእሱ መንቀል አልችልም ነበር። ኳስ ከሰማይ ስትመጣ ሥሯ ስድስት ሰው ይሰበሰባል። ሁሉም ይዘላል። ሁሉም ሲወርድ ፌሊም ገና እዚያው ላይ ነው። ኳሷን በሁለት እጁ ነጥቆ ይወርድና አንዴ መሬት ያነጥራታል፣ አንዴ በእግሩ ጫፍ ወደ እጁ ይመልሳታል፣ ቀና ብሎ ያያል፤ ከዚያ ሃምሳ ሜትር ርቆ ለቆመ ጓደኛው ደረቱ ላይ ያሳርፍለታል። የመሐል ተከላካይ ስለሆነ ነጥብ አያስቆጥርም፤ ስለዚህ ማንም ስሙን ጮክ ብሎ አይጠራም። ጨዋታው ሲያበቃ ሌሎቹ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ገብተው በአንድ ገንዳ ሲራጩ፣ እሱ ከአጥር ጀርባ ብቻውን ይቀይርና ማልያውን ጆንያው ውስጥ ጥሎ፣ ጭቃው እንዳለ በብስክሌቱ ይሄዳል። «ኩራቱ እኮ!» ይሉ ነበር ሰዎች።

ለምን እንደዚያ እንደተጨነቅሁ ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የክፍል ጓደኛዬ የኦርላ እናት ከአንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር እንግሊዝ አገር ሄዳ ቀርታለች። አዋቂዎች ስለ እሷ ሲያወሩ እኔ ስገባ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ቢሆንም «በጓሮ በር ነበር አሉ የሚገባው» የምትለዋ ጆሮዬ ገብታለች። ከዚያ በኋላ ኦርላ ፀጉሯ ሳይበጠር ትምህርት ቤት መምጣት ጀመረች።

አንድ ሰኞ ጉሮሮዬን አሞኝ መምህሩ ቀደም ብሎ ወደ ቤት ሰደደኝ። የጓሮው በር ተቆልፏል። የፌሊም ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ።

«ቀስ በይ፣ አትራክታ» አለ የፌሊም ድምፅ።

«አመመህ?»

«ደህና ነኝ። ከአንቺ ሌላ ማን አለኝ? ሰው ቢያውቅ አለቀልኝ እኮ።»

«ከእኔ አፍ አይወጣም። በል አሁን ልበስ፤ ልጅቷ ትመጣለች።»

ሮጬ የእንጨት ክምሩ ጀርባ ተደበቅሁ። እሱ ሲሄድ ገባሁ። ወጥ ቤቱ የሆነ ከባድ፣ መንገድ ሲሠራ የሚሸት የሬንጅ ሽታ ይሸት ነበር። ያን ቀን ፀጉሬን ስታበጥረኝ እጇም እንደዚያው ሸተተኝ። ትንፋሼን ይዤ ተቀመጥኩ።

ሽታውን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ ከሬንጅ የሚሠራ የቆዳ ቅባት ነው። ያኔ ግን የመጥፋት ሽታ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1979 ነው። የአውራጃችን ጋዜጣ፣ የሰባዎቹ ዓመታት ሊያበቁ ስለሆነ የአሥር ዓመቱን ምርጥ የጌሊክ እግር ኳስ ተጫዋች ልመርጥ ነውና እያንዳንዱ ክለብ አንድ ስም ይላክልኝ ብሎ ጻፈ። የክለባችን አዳራሽ ጣሪያው እያፈሰሰ ስለነበር ኮሚቴው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ተሰበሰበ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሊቀ መንበሩ ሥጋ ሻጩ ጋሽ ፓኪ፣ ሁለተኛው የእኔው አስተማሪ መምህር ጊልሬን፣ ጸሐፊው ደግሞ አባቴ ማላኪ። እናቴ ሻይ ትቀዳለች፤ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቅቤ የተቀባ ዳቦ እገምጣለሁ።

«ምርጫ የሚባል ነገር የለም!» አለ ጋሽ ፓኪ ገና ሳይቀመጥ። «ዲክላን ሞራን ነው፣ አለቀ! ሰባ አራትን ረሳችሁት? አርባ ሜትር ላይ ሆኖ፣ ሦስት ሰው ጀርባው ላይ ተንጠልጥሎበት፣ መረቡን ቀደደው!»

«መረቡ ድሮም የተቀደደ ነበር» አለ መምህር ጊልሬን። «ደግሞ ዲክላን የወንድምህ ልጅ ባይሆን አርባው ሜትር ሃያ ይሆን ነበር።»

«እኔ ነኝ ለዘመድ የማደላው?»

«አንተማ ሥጋም ስትመዝን እንደዚሁ ነህ። እውነት እንናገር ከተባለ የአሥር ዓመቱ ሰው ቶም ጆ ኪልኮይን ነው።»

ጋሽ ፓኪ የሻይ ሲኒውን አስቀመጠ። ቶም ጆ የጎረቤታችን የድረምባን አጥቂ ነው፤ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ ኪልቫራ ውስጥ ስሙ ሲነሳ ሰው የሚተፋበት።

«በማርያም! የድረምባንን ሰው በኪልቫራ ስም ልንልክ? መምህር፣ ጤና የለህም እንዴ? የዚያ ሰው ክርን የበተነውን ጥርሴን የት ላስገባው?»

«እሱ እኮ ነው የምልህ፤ ጠንካራ ነው።»

አባቴ በእርሳሱ ወረቀቱን እየነካካ ይስቃል። አባቴ ብዙ አይናገርም። ጭቅጭቁ ሻይ በሻይ እየተተካ፣ ከሰባ አንድ ወደ ሰባ ስድስት እየዘለለ፣ ማን በየትኛው እግሩ መታ እየተባለ ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ ጋሽ ፓኪ ሰለቸውና ወደ እናቴ ዞሮ ለቀልድ «እስቲ አንቺ ፍረጂን፣ አትራክታ። የአሥር ዓመት ቆሻሻችንን ያጠብሽ ሴት ነሽ» አላት።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«ፌሊም ጋፍኒ ነዋ» አለች።

«ፌሊም? ፌሊም እኮ ነጥብ አግብቶ አያውቅም!»

«ሌላው እንዳያገባ ያደረገውንስ ማን ቆጠረለት? የዲክላን ማልያ አንዳንድ እሑድ ሳይታጠብ ቢሰቀል ማንም አያውቅም። የፌሊም ግን አንድ ቀን ንጹሕ ሆኖ መጥቶልኝ አያውቅም።» ሰዎቹ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ጉንጯ ቀልቶ ነበር። «ትስቃላችሁ። ያ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ምን ችሎ እንደሚጫወት ከእናንተ አንዳችሁ አታውቁም።»

ጉንጯ ሲቀላ አየሁ። የኦርላ ፀጉር ትዝ አለኝ። ከደረጃው ላይ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። «ስለምትወጂው ነው! በየሰኞው አባዬ ሳይኖር በጓሮ በር ይመጣል፣ በሩን ትቆልፊያለሽ፣ ልብሱን ያወልቃል!»

ማንቆርቆሪያው ምድጃው ላይ ሲቀመጥ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። መምህር ጊልሬን ሲኒው ውስጥ አተኩሮ ማየት ጀመረ። ጋሽ ፓኪ ባርኔጣውን ፈለገ፤ ጭኑ ላይ ነበር።

«ማላኪ…» አለች እናቴ።

አባቴ እርሳሱን አስቀመጠ። «ሰውየው እንደሚመጣ አውቃለሁ» አለ። «ብስክሌቱን መንገድ ላይ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ለምን እንደሚመጣ የእሱ ጉዳይ ነው። ፓኪ፣ ሻይህን ጨርስ።»

ያኔ አባቴ ፈሪ መሰለኝ። ጠረጴዛ አልገለበጠም፣ በር አልደበደበም። እሱ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው ጠይቄው ነበር፤ ለምን እንደሚመጣ በእርግጥ ያውቅ ነበር ወይ ብዬ። «አላውቅም ነበር» አለኝ። «እናትሽን ግን አውቃት ነበር።»

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ሱቅ ደረሰ። ማክሰኞ ዱቄት ልንገዛ ስንገባ ሴቶቹ በአንድ ጊዜ ዝም አሉ፤ ስንወጣ በአንድ ጊዜ ጀመሩ። በሚቀጥለው እሑድ ከነበረው ጨዋታ በኋላ የማልያው ጆንያ ደጃፋችን አልተወረወረም፤ ለሌላ ሴት ሰጥተውት ኖሯል። እናቴ ባዶውን ማሽን በጨርቅ ወለወለችው። እኔን አልተቆጣችኝም። ፀጉሬን እንደ ወትሮው አበጠረችልኝ፤ ይህ ከጥፊ ይልቅ ያስፈራ ነበር።

በስብሰባው ማግስት፣ ሰኞ፣ ፌሊም ምንም ሳይሰማ መጥቶ ነበር። እናቴ ወደ ውስጥ አላስገባችውም። ዝናቡ ውስጥ ቆመው ሲነጋገሩ በመስኮት አየኋቸው። እሱ ቆቡን አውልቆ ቆመ፤ እሷ ጣቷን ወደ እሱ እየቀሰረች፣ እየደጋገመች አንድ ነገር ትለዋለች። ሲለያዩ ደስ አለኝ። «አባረረችው» አልኩ በሆዴ። የምትለው ግን፣ ኋላ እንደነገረችኝ፣ «አንድ ቃል እንዳትናገር፤ ወሬ ነው፣ ያልፋል፤ አንተ ግን ከተናገርክ አታልፈውም» ነበር። ስሟ እየጠፋ እሱ እንዳይጋለጥ ነበር የምትለምነው።

ከስብሰባው በኋላ በሁለተኛው እሑድ ከድረምባን ጋር የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታ ነበረን። ሜዳችን በሻነን ወንዝና በመንገዱ መካከል ያለ ጭቃ ነው። አባቴ «እንሄዳለን፣ ሦስታችንም» አለ። ሄድን። ሰው ሁሉ መስመሩ ላይ ተሰልፏል፤ እኛ አጠገብ ግን ሁለት ሰው የሚያቆም ክፍት ቦታ ቀረ። ዝናቡ በጎን ይገርፋል።

ተጫዋቾቹ ወጡ። ፌሊም የመጨረሻው ነበር። ሜዳ አልገባም። ካፖርቱን እንደለበሰ መስመሩን ተከትሎ እኛ ወዳለንበት መጣ፤ ጋሽ ፓኪ ፊት ቆመ። ካፖርቱን አውልቆ ጭቃው ላይ ጣለው። እናቴ «ተው፣ ፌሊም» ስትል ሰማሁ። ማልያውንና ከሥሩ ያለውን ካናቴራ አንድ ላይ በራሱ ላይ ሳበና አወለቀ።

ከአንገቱ ሥር እስከ ወገቡ ቀይ ነበር። በቀዩ ላይ ብርማ ቅርፊት ተነባብሮበታል፤ ቅርፊቱ በየቦታው ተሰንጥቆ ደም አዝሏል። ዝናቡ ሲነካው አብለጨለጨ። እኔን የድሮ ወታደሮች የሚለብሱት የብረት ጥሩር መሰለኝ። በእውነት! የሚያህለው የጠፋው ለዚህ ነው፣ ሰውየው ከብረት ነው የተሠራው ብዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ጋሽ ፓኪ» አለ ፌሊም፤ ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም፣ ግን ሜዳው ሁሉ ሰማው። «አትራክታ ቤት ልብሴን የማወልቀው ይሄን ለማሳየት ነው። ነርስ ነበረች፤ በዚያን ጊዜ ደንብ፣ ስታገባ ነው ሥራዋን ያስለቀቋት። ማልያዬ ላይ ደም አይታ ጠየቀችኝ። ይኸው ሦስት ዓመት ቅባት ትቀባኛለች፤ አንድ ሰው እንዳይሰማ ያስማልኳት እኔ ነኝ። ሌላ የሚጠይቅ አለ?»

ሰዉ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ግማሽ እርምጃ ናት፤ አንዲት እናት ልጇን በአንገትጌው ስትጎትት አየሁ። ፌሊምም አየ።

ሶሪያሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። የእኔ ልጅ ክርኗ ላይ ትንሽ አለባት፤ ባሕር ዳርቻ ስንሄድ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ለብሳ ትሮጣለች። ያኔ ግን በአንድ ገንዳ፣ በአንድ ፎጣ የሚታጠብ ቡድን ነበር። የገዛ ወንድሙ፣ ፌሊም የጠጣበትን ሲኒ አይነካም ነበር አለችኝ እናቴ።

ያኔ ከሜዳው መሐል አንድ ሰው ተንቀሳቀሰ። ቶም ጆ ኪልኮይን፣ የድረምባኑ፣ ጭቃውን እየረጋገጠ መጣና ፌሊም ፊት ቆመ። ከላይ እስከ ታች አየው።

«ፌሊም» አለው፣ «ልትጫወት ነው የመጣኸው ወይስ ገላህን ልትታጠብ? ልበስ እንጂ፣ እኛም እየበሰበስን ነው!»

አንድ ሰው ሳቀ፤ መምህር ጊልሬን ይመስለኛል። ፌሊም ማልያውን አጠለቀ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን እስከማድግ ድረስ ይቅር አላልኩም ነበር። ቶም ጆ ፌሊምን ቀጠቀጠው። ገና የመጀመሪያዋ ኳስ ስትመጣ በትከሻው አጋጭቶ ጭቃ ውስጥ ዘረጋው። ተነሳ፤ በደረቱ ገፋው። ማልያውን ጨምድዶ ጎተተው። አብረው ዘለው አብረው ወደቁ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንከባለሉ። ጉንጭ ለጉንጭ ተያይዘው ሲተነፍሱ ይታየኝ ነበር። ፌሊምም አልተኛለትም፤ ከቶም ጆ ራስ በላይ እየወጣ ሦስት ኳስ፣ አራት ኳስ ነጠቀው፤ እንደዚያን ቀን ከፍ ብሎ ዘሎ አያውቅም። እኔ ግን የሚታየኝ ድብደባው ብቻ ነው። «በእኔ ምክንያት ነው! ታሞ እያዩት ይመቱታል!» ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ። ቀና ብዬ እናቴን ሳያት እሷም ታለቅሳለች፤ ግን ትስቃለች።

«ቶም ጆ ያዘው እኮ!» አለ አባቴ፣ ለራሱ ይመስል። «እያያችሁ ነው? እንደ ወትሮው ያዘው!»

ሌሎቹም ቀስ በቀስ ያዙት። የድረምባን ልጆች ሲጋጩት፣ የእኛዎቹ ጀርባውን ሲመቱለት፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ዲክላን ሞራን አንገቱን አቅፎ ጆሮው ላይ የሆነ ነገር ሲጮህለት አየሁ። በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። ነጥቧን ያስቆጠረው ራሱ ቶም ጆ ነው፣ ፌሊም እግሩ ላይ ተንጠልጥሎበት።

ወደ ቤት ስንመለስ በወተት መኪናው ውስጥ በሁለቱ መሐል ተቀምጫለሁ። እናቴ ፊት ለፊቷን እያየች «ያየሽውን ነው የተናገርሽው፣ ደርቭላ» አለችኝ። «አልቆጣሽም። ሌላ ጊዜ ግን ያየሽው ምን እንደሆነ መጀመሪያ እኔን ጠይቂኝ።» ሰኞ ፌሊም መጣ። ሻይ የቀዳሁለት እኔ ነኝ፤ ሲኒውን አስቀምጬ ወደ ኋላ ስል አይቶ «ቶም ጆ እንኳ ያልፈራኝን አንቺ ትፈሪኛለሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

አባቴ ለጋዜጣው የላከው የፌሊምን ስም ነው፤ ጋሽ ፓኪ ራሱ እጁን አውጥቶ። ጋዜጣው ግን የላክነውን ስም ትቶ በራሱ ዲክላን ሞራንን መረጠ። ፌሊም እስኪሞት ድረስ «ትክክል ነው የመረጡት» እያለ ከእናቴ ጋር ይጣላ ነበር። እናቴ አንድም ቀን አልተረታችለትም።

ቶም ጆን ያገኘሁት ባለፈው በጋ ነው፤ ሰማንያ ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ጨዋታ ስናይ ድንገት አጠገቤ ተቀመጠ። ስሜን ነገርኩት፤ የማን ልጅ መሆኔን ወዲያው አወቀ። ለዓመታት ራሴን ስጠይቅ የኖርኩትን ጠየቅሁት።

«ጋሽ ቶም ጆ፣ ያን ቀን እንደማይተላለፍ ታውቅ ነበር?»

«ምን አውቄ!» አለኝ። «ነፍሴ ልትወጣ ነበር እኮ! ቤት ገብቼ የላሞቹን በረት በምናጥብበት መድኃኒት ገላዬን ፈተግኩት። ሚስቴን ሳምንት ሙሉ አላስጠጋኋትም። በየጠዋቱ ክንዴን ፀሐይ ላይ እየዘረጋሁ ሳይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ያን ያህል ተጠጋኸው?»

ጥያቄው አልገባውም መሰለኝ፤ ዞሮ አየኝ።

«ፌሊም ጋፍኒ ነው እኮ፣ ልጄ» አለ። «እኔ ያን ቀን አንድ ክንድ ራቅ ብዬ ብቆም፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይይዘው ነበር?»